ሰባት ጧፍ ለአራት ፓውዛ

ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ ሠርግ ተጠርቼ ጎባ ሄጄ ነበር። ቪዲዮ የሚቀርጸው ልጅ ትልቁን መብራቱን አዳራሹ መሀል አቁሞ ሲያበራው፣ መስታወቱ ላይ የተኛው አቧራ ተቃጠለና ሽታው እኛ ጠረጴዛ ድረስ መጣ። ሌላው ሰው አፍንጫውን ያዘ። እኔ ጉርሻዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው እናቴ "ምነው፣ አነቀሽ እንዴ?" አለችኝ። "ኧረ ምንም አይደለም" አልኳት። ነገር ማካበድ አልወድም። ግን ያ ሽታ ስድስተኛ ክፍል የነበርኩበትን ታኅሣሥ ይዞብኝ መጣ፤ እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ስለነበር ደግሞ ይበልጥ ከበደኝ።

ያን ጊዜ ቤታችን ሮቤ፣ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ግቢያችን ሰፊ ስለሆነ አንድ የአሰላ ሰው ኮምባይነሩን ከአንዱ አጨዳ እስከ ሌላው አጨዳ እኛ ጋ ያቆመዋል። ማሽኑን የሚጠብቁትና የሚጠግኑት ጋሽ ከማል ከበሩ አጠገብ ያለችውን ክፍል ተከራይተው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ከስልጤ በልጅነታቸው የመጡ፣ ኦሮምኛውም አማርኛውም እኩል የሚቀናቸው፣ ኪሳቸው ውስጥ ፒንሳ የማይጠፋ ሰው ነበሩ።

ኮምባይነሩ አራት ፓውዛ፣ ማለትም ትልልቅ መብራት፣ አለው፤ ሁለቱ ከፊት፣ ሁለቱ ከጣራው ላይ። አጨዳ ሲያልቅ ጋሽ ከማል አቧራ እንዳይገባባቸው በጨርቅ ይሸፍኗቸዋል። እኔ ግን ማሽኑ እኛን እንዳያይ የሚሸፍኑት ይመስለኝ ነበር። ጨርቁን ነፋስ የገለጠው ቀን በዚያ በኩል አላልፍም፤ ዞሬ እሄዳለሁ።

ያን ዓመት ትምህርት ቤታችን ድራማ ሊያሳይ ሆነ። የጻፈው የአማርኛ መምህራችን ታደለ ነው። ከቆላ አገር ተቀይሮ የመጣ ወጣት ስለነበር የጻፈው ስለ ድርቅ ነው። ዝናብ ይጠፋል፣ ከብት ያልቃል፣ መጨረሻ ላይ አንድ ሽማግሌ በጨረቃ ተንበርክኮ ፈጣሪውን ይለምናል። ሮቤ ላይ ሰው የሚያማርረው ብርዱን ነው እንጂ ድርቅን አይደለም፤ መምህሩ ግን የሚያውቀውን ጻፈ፤ ምን ያድርግ።

ድራማው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በከተማው አዳራሽ ይታያል ተባለ። አዳራሹ ያሉት ሁለት ነጭ ረጃጅም አምፖሎች ብቻ ናቸው፤ ከሥራቸው የቆመ ሰው ሁሉ ከሆስፒታል የወጣ ይመስላል። መምህር ታደለ ይህንን ሲያይ ወደ ግቢያችን መጣ።

"ጋሽ ከማል፣ ድሮ ከጦር ኪነት ጋር እየዞሩ መብራት ይሰቅሉ ነበር ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው?"

"ድሮ ነዋ!" አሉ ጋሽ ከማል። "አሁንማ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለስንዴ ነው የማበራው።"

ከዚያ ሁለቱም ዞረው ኮምባይነሩን አዩት። ጋሽ ከማል ተነሥተው ጨርቆቹን አንድ በአንድ ገለጡ። በዚያው ለማሽኑ ባለቤት ደወሉ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ "ውሰዱት፣ ግን አጨዳው የተጀመረ ቀን ፓውዛዎቹ ቦታቸው ይመለሱ፤ ማሽኑ ሌትም ቀንም ነው የሚሠራ" አለ። ስምምነቱ ይኸው ነበር።

እኔ ድራማው ውስጥ መግባት ፈልጌ ነበር። መምህር ታደለ ድምፄ ከሁለተኛው ረድፍ አያልፍም ብሎ አስቀረኝ። ግቢው ውስጥ አኩርፌ ተቀምጬ ያዩኝ ጋሽ ከማል "ምን ሆነሽ ነው፣ ትርሲት?" አሉኝ። ነገርኳቸው።

"ዋላሂ ጥሩ ነው ያደረገው! ድምፅ የሌለው ሰው ለመብራት ነው የተፈጠረው። ነይ መሰላሉን ያዢ።"

ይዤ ብቻ አልቀረሁም፤ እሳቸው ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው የምወጣው እኔ ሆንኩ። ከመድረኩ ፊት ለፊት፣ ከግድግዳ ግድግዳ ወፍራም የባሕር ዛፍ አግዳሚ ተዘረጋ። እኔ አግዳሚው ላይ ተፈናጥጬ ፓውዛውን በገመድ እጎትታለሁ፤ እሳቸው ከታች "ቀስ! ቀስ! እሱ ከአንቺ ይከብዳል" ይሉኛል። እያንዳንዱን ፓውዛ በሁለት ሽቦ ነው የምናስረው። አንዱ ሲበቃ ለምን ሁለት እንደሚያስፈልግ ጠየቅኋቸው። "አንደኛው ለመብራቱ፣ ሁለተኛው ከሥሩ ለሚቆመው ሰው" አሉ። ሁለተኛውን ሽቦ ሳላስር የወረድኩ ዕለት ምሳዬን ሳልበላ መልሰው አወጡኝ።

መስኮቶቹን በማዳበሪያ ከረጢት ሸፈንናቸው። ከሁለት የጭነት መኪና ባትሪ ገመድ ሳብን፤ ጋሽ ከማል ገመዱ የተገጣጠመበትን ሁሉ በጥቁር ናስትሮ ጠቀለሉት። መጀመሪያ የበራ ቀን ፓውዛዎቹ ውስጥ ተሰግስጎ የቀረው የአምና ገለባ መቃጠል ጀመረ። አዳራሹ የተቆላ ስንዴ ሸተተ። እኔ መብራቱ ያየውን ነገር የሚያስታውስ መሰለኝ፤ አሥር ዓመት ስንዴ ሲያይ የኖረ መብራት ስንዴ ቢሸት ምን ይገርማል? ለጋሽ ከማል ስነግራቸው በጣም ሳቁ፤ ቀጥሎ ግን "እኔም ናፍጣ ነው የምሸተው" አሉ።

መብራት የሚስተካከልበት መንገድ ነበራቸው። ሽማግሌው የሚንበረከክበት ቦታ ላይ እኔን ያንበረክኩኝና "ዓይንሽን ቆጠቆጠሽ?" ይላሉ። ካልቆጠቆጠኝ ፓውዛው ገና ፊቴን አላገኘውም። "አዎ" ካልኩ "እኔን ታዪኛለሽ?" ይላሉ። ካየኋቸውም አልሆነም። እሳቸውን ማየት አቅቶኝ እሳቸው እኔን ሲያዩኝ "በቃ፣ እሰሪው" ይባላል። ተንበርክኬ ይህን ስጠብቅ ሽማግሌውን የሚሠራው ልጅ ከኋላዬ ቃሉን ይለማመዳል፦ "ጌታ ሆይ፣ ለእኛ ባይሆን ለከብቶቹ፣ ለከብቶቹ ባይሆን ለሣሩ ብለህ አንድ ጠብታ!" በሳምንት ውስጥ ሸመደድኩት።

ሦስቱ ፓውዛዎች ፀሐይ ናቸው፤ የከረሜላ ወረቀት ተደርጎባቸዋል። አራተኛው ጨረቃ ነው። በሽቦ ክብ ሠርተን፣ ድርብ ሰማያዊ ፌስታል ወጥረን፣ ከመስታወቱ አንድ ስንዝር አርቀን አሰርነው። "ጨረቃ ያንቺ ናት" አሉኝ። "ቅዳሜ ማብሪያው አንቺ እጅ ነው። ሽማግሌው 'አንድ ጠብታ' ሲል ታጠፊያለሽ።" እኔ በሕይወቴ የእኔ የተባለ ትልቅ ነገር አልነበረኝም፤ ልብሴ እንኳ የእህቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስተኛም ስነሣም የማስበው ቅዳሜን ብቻ ሆነ።

ማክሰኞ ማታ የአሰላው ሰው ደወለ። ስንዴው ደርሷል፣ ሐሙስ ጠዋት ማሳ ግቡ አለ። ጋሽ ከማል ስልኩን ዘግተው "እንግዲህ ነገ ፓውዛዎቹን እናወርዳለን። መምህር ታደለም በነጩ አምፖል ያሳይ፤ ምን ይደረግ" አሉኝ። እኔን አላዩኝም፤ ፒንሳቸውን ነበር የሚያዩት።

ቤት ስገባ አባዬ በደስታ ቁጭ ብሎ መብላት አቅቶታል። አባዬ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ከቢሮ ሲወጣ ግን ገበሬ ነው። ሲናና በኩል መሬት ተኮናትሮ ስንዴ ዘርቶ ነበር። ግቢያችን ውስጥ ግድግዳቸው ቆሞ ጣራ የሌላቸው ሁለት ክፍሎች ነበሩ፤ ቆርቆሯቸው ከዚያ ስንዴ ነው የሚመጣው። ኮምባይነሩ እኛ ግቢ ስለሚያድር የመጀመሪያውን ተራ ሰጥተውናል።

"ሐሙስ ማታ ስንዴያችን ከረጢት ውስጥ ነው" አለ አባዬ።

"በል ዝም በል፣ ሰማይ እንዳይሰማህ" አለችው እናቴ።

ይህን ሁሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ግን ስንዴውና ፓውዛው ጭንቅላቴ ውስጥ አልተገናኙም። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፦ ማሳ ከረጠበ ኮምባይነር አይገባም።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። ውርጩ ገና ሣሩ ላይ ነበር። ዝናብ እንዴት እንደሚለመን ያስተማረኝ ስለሌለ የሽማግሌውን ቃል ወሰድኩ። "እመቤቴ ሆይ፣ ለእኔ ባይሆን ለጋሽ ከማል፣ ለጋሽ ከማል ባይሆን ለቅዳሜ ብለሽ ዝናብ ጣዪ። ፓውዛዎቹ እስከ ቅዳሜ ካልወረዱ ሰባት ጧፍ አገባለሁ" ብዬ ተሳልኩ። ሰባት ያልኩት ትንሽ ከተሳልኩ እንዳትንቀኝ ብዬ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ከማልና እኔ አዳራሽ ገባን። ጉልበታቸውን እየያዙ ራሳቸው መሰላሉ ላይ ወጡ፤ ያን ቀን እኔን ማስወጣት አልፈለጉም። የመጀመሪያውን ሽቦ በፒንሳ ሲይዙት የጣራው ቆርቆሮ ላይ አንድ ነገር ጠብ አለ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ቆርቆሮው በሙሉ መጮኽ ጀመረ። ጋሽ ከማል ፒንሳውን እንደያዙ አዳመጡ። ፊታቸውን ከእኔ አዞሩ። ከዚያ ወረዱና "ይቆይ እንግዲህ" አሉ። እኔ ከመድረኩ ላይ ዘለልኩ፤ እንዲያውም በእልልታ ነው የዘለልኩት። ድምፄን ግን ዝናቡ ዋጠው።

ሐሙስ ዘነበ። ዓርብ ዘነበ። የጎባ ተራራ አልታይ አለ። አባዬ ቢሮ ከመሄዱ በፊት ደጅ ወጥቶ እጁን ይዘረጋል፤ ዝናብ ለመሆኑ ማረጋገጫ የሚፈልግ ይመስል። እናቴ "አንድ ቀን ፀሐይ ከወጣ ይደርቃል" ትለዋለች።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። ማሳ መግባት ያልቻለ ገበሬ ሁሉ መጥቷል፤ ጋቢውና ካፖርቱ እንፋሎት ያወጣል። አባዬና እናቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናቸው። ድራማው ገና ሳይጀመር የከተማው መብራት ሄደ። ሰው "ኤዲያ!" ሲል ጋሽ ከማል ባትሪውን አገናኙ። ሦስት ክብ ብርሃን በዚያ ጨለማ ውስጥ መድረኩ ላይ ወደቀ። ከፊት የተቀመጠ አንድ ገበሬ ጓደኛውን በክርኑ ነካና ወደ ላይ ጠቆመው፤ የኮምባይነር ፓውዛ መሆኑን አውቆታል። ያ ሰው ፓውዛዎቹን እንጂ ተዋንያኑን ብዙም አላየም።

ችግሩ ድምፅ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ተዋንያኑ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፤ አንድም ቃል አይሰማም። መምህር ታደለ ከመጋረጃው ጀርባ "ጩኹ! ጩኹ!" ይላል፤ እሱም አይሰማም። የእኔ ድምፅ ከሁለተኛው ረድፍ አያልፍም ያለው መምህር፣ የማንም ድምፅ አንደኛው ረድፍ ሳይደርስ ቀረበት። ሰው ግን አልወጣም። ፀሐዩ ሲከርር ያያል፣ ላሟ ስትወድቅ ያያል፣ ሲጨልም ያያል።

ከዚያ የእኔ ጨረቃ በራች። ሽማግሌው በሰማያዊው ውስጥ ተንበርክኮ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ምን እንደሚለምን ለመረዳት ቃል አላስፈለገም። መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፣ ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ። ከኋላ ያሉ አንድ አባት ብድግ አሉና ከዝናቡ በላይ "ጋኤ! ያ ረቢ፣ ጋኤ!" ብለው ጮኹ፤ በቃ፣ በቃን ማለታቸው ነው። ሳቁ እንደገና ሊነሣ ሲል ቆመ። እሳቸው እየሳቁ አልነበረም። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። አባዬን አየሁት፤ ሽማግሌውንም ጨረቃዬንም ትቶ ጣራውን ነው የሚያየው። የዚያን ጊዜ ነው ስንዴውና ፓውዛው ጭንቅላቴ ውስጥ የተገናኙት።

"አንድ ጠብታ" የምትለውን ቃል ስላልሰማኋት ጨረቃዋን በጊዜው አላጠፋሁም። የሽማግሌው እጅ ሲወርድ አይቼ ማጥፋት እችል ነበር፤ ግን አባዬን ነበር የማየው። ፌስታሉ ቀለጠና መስታወቱ ላይ ተለጠፈ፣ ጨሰ፣ ገማ። ጋሽ ከማል መጥተው ማብሪያውን ከእጄ ወሰዱና አጠፉት። አልተቆጡኝም። ሰው እጁ እስኪቃጠል አጨበጨበ፤ ተዋንያኑም አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ እናቴ በደስታ መስሏት አቀፈችኝ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ መደራደር ጀመርኩ። "ሰባቱ ይቅር፣ አንድ ይሁን" አልኩ። ዝናቡ አልቆመም። ሰኞም ማክሰኞም ዘነበ። ረቡዕ ጠዋት ፀሐይ ወጣች። ከተሳልኩበት ረቡዕ እስከ ማክሰኞ ስቆጥረው ሰባት ቀን ነው፤ ሰባት ጧፍ፣ ሰባት ቀን። ሦስት ጧፍ ብቻ ተስዬ ቢሆን ኖሮ ዓርብ ላይ ያባራ ነበር ብዬ አመንኩ። ፓውዛዎቹ ከቅዳሜ በፊት ቢወርዱም ግድ የለኝም ነበር፤ እኔን ያጠፋኝ ልግስናዬ ነው።

አባዬ ማሳውን አይቶ ሲመለስ አንድ የስንዴ ዛላ ይዞ መጣ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ፍሬዎቹ ዛላው ላይ እንዳሉ በቅለዋል፤ ከእያንዳንዳቸው ጫፍ አረንጓዴ ነገር ብቅ ብሏል። እኔ ያማረ መስሎኝ ነበር። እናቴ ግን አፏን በነጠላዋ ያዘች። "የበቀለ ስንዴ ማን ይገዛል?" አለ አባዬ። ያን ዓመት የበላነው ዳቦ ሁሉ ከዚያ ስንዴ ነው፤ ጥርስ ላይ የሚጣበቅና የሚጣፍጥ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ይወደዋል፣ ጨምሩልኝ ይላል። እኔ ጣፋጭ ዳቦ እስከ ዛሬ አልወድም።

ጋሽ ከማል ግቢ ውስጥ ቁጭ ብለው ጨረቃ ከነበረው ፓውዛ ላይ የቀለጠውን ፌስታል በምላጭ ሲፍቁ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። እየፋቁ ሰሙኝ።

"ከተማው ሙሉ አታዝንብ ብሎ ሲለምን አንቺን ብቻ ሰማ?" አሉ።

"ፓውዛዎቹ ግን አልወረዱም።"

"አልወረዱም" አሉ። ምላጩን አስቀመጡ። "እኔ አልለመንኩም። ግን ቆርቆሮው ላይ የመጀመሪያዋን ጠብታ ስሰማ ደስ አለኝ፣ ትርሲት። የአባትሽ ስንዴ ማሳ ላይ እንዳለ እያወቅሁ ደስ አለኝ። ሠላሳ ዓመት ቆይቼ አንዴ ለሰው ላበራ ነው ብዬ። አንቺ ልጅ ነሽ፣ አላወቅሽም። የእኔ ይብሳል።"

"እና ስለቱን ልተወው?"

ምላጩን መልሰው አነሡ። "አይሆንም። ቃል ከሆነ ቃል ነው፤ ስትጠሪው የመጣልሽን ሲከፋሽ አልጠራሁህም አትይውም። አግቢ።"

ፓውዛውን መልሰው ማሽኑ ላይ አሰሩት። ሰማያዊው ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም፤ የተረፈውን ስንዴ ያጨዱበት ምሽት ከመንገድ ሆኜ ሳይ ከአራቱ መብራቶች አንዱ ሰማያዊ ነበር።

ለእናቴ "ስለት አለብኝ፤ ሰባት ጧፍ" አልኳት። እኛ ዘንድ የተሳለን ሰው ምን ለምነህ ነው አይሉትም። "ደርሶልሻል?" ብቻ አለችኝ። "ደርሶልኛል" አልኩ። "ተመስገን! በዚህ ዓመት ለእኛ የደረሰ ነገር አለ ማለት ነው" አለችና በጥር ማርያም ነጭ ቀሚሴን አልብሳ፣ ሰባቱን ጧፍ አስይዛ ወሰደችኝ። አባዬም አብሮን መጣ።

ጧፉን ስሰጥ አንድ ጠና ያሉ ሴት "የማን ልጅ ናት?" አሉ። "የእኔ ናት! ስለቷ ደርሶላት ነው፤ እልል በሉልኝ" አለች እናቴ። ሴቶቹ እልል አሉ። እናቴ ከሁሉም በላይ፣ ትንፋሿ እስኪያልቅ እልል አለች። ለዚያ ዝናብ። አባዬ ከወንዶቹ በኩል ባርኔጣውን አውልቆ፣ ምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ ጎንበስ ብሎ አመሰገነ። እኔ ጫማዬን አያለሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ ጣራ በሌላቸው ክፍሎች አጠገብ ስናልፍ አባዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ምን ነበር የለመንሽው?" አለኝ።

"አንተ ደግሞ! ስለት ተጠይቆ ያውቃል?" አለችው እናቴ።

"እሺ፣ ተውኩት" አለ አባዬ፤ እጁን ጭንቅላቴ ላይ አደረገ። "ብቻ ከዚህ ቤት ለአንዳችን እንኳ ከደረሰልን ይበቃናል።"